ከዓባይ ውኃ ወደ ኮምፒውተር መረብ

ባሕር ዳር ላይ ከጣና ሐይቅ የሚወጣው ዓባይ በኢትዮጵያና በግብጽ መካከል ያስነሣው ሙግት ወደ ኮምፒውተር መረብ ጎልቶ የተሻገረው በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ በወንዙ ላይ የተገነባው የሕዳሴው ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት ሳምንታት ሲቀሩት ራሱን «ሳይበር ሆረስ» ብሎ የሚጠራ ቡድን የኢትዮጵያ መንግሥታዊ ተቋማትን ድረ ገጾች ሰብሮ የፈርዖን አጽም ምስልና ዛቻ ለጥፎባቸዋል። ይህ ዓይነቱ ጥቃት የተከማቸ መረጃ ከመስረቅ ይልቅ የድረ ገጹን ፊት ለውጦ ባለቤቱን ማሳፈርን የሚሻ ነው፤ የአጥቂው መግቢያ በርም ብዙ ጊዜ ሳይታደስ የቆየ ሶፍትዌር ወይም በቀላሉ የሚገመት የይለፍ ቃል በመሆኑ፣ ከአጥቂው ብልሃት ይልቅ የጠባቂው ቸልተኝነት ይጎላል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመውና ዛሬ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር የሚባለው ተቋም ጥቃቱ ከግብጽ መነሣቱንና የከፋ ጉዳት ሳያደርስ መክሸፉን በወቅቱ አስታውቋል። ተቋሙ በክረምት ወራት በሚሰጠው የሳይበር ታለንት ሥልጠና ለሳይበር ደህንነት ሙያ ዝንባሌ ያላቸውን ወጣቶች የሚሰበስብ ሲሆን፣ በሙያው ትልቅ ስፍራ ያለው ፈቃድ ያለው ሰበራ፣ ማለትም በባለቤቱ ስምምነት ሥርዓቱን ፈትሾ የተገኘውን ክፍተት አጥቂ ሳይደርስበት ለባለቤቱ ማሳወቅ፣ ከአጥቂው ጋር አንድ ዓይነት ዕውቀት ይጠይቃል።