በድርቅ ጊዜ የዱር እንስሳን ስለ መርዳት

ሌሞ በሆሳዕና ከተማ ዙሪያ ያለ የሀድያ አገር ነው። ሕዝቡ እንሰት ይተክላል፤ እህል ያርሳል፤ ከብት ያረባል። በእንዲህ ያለ አገር፣ በወንዝ ዳርና በገደል ሥር ባለው ቁጥቋጦ፣ ድኩላና ሚዳቋ ይጠለላሉ።

የበልግ ዝናብ በቀረ ጊዜ ሣሩ ይደርቃል፤ ምንጩም ይቀንሳል። ያን ጊዜ ሰው ከብቱን ወደ ሩቅ ውሃ ይነዳል። የዱር እንስሳ ግን እረኛ የለውም፤ ስለዚህ ራሱ ወደ ገበሬው ጓሮ ይቀርባል። ገበሬውም ማልዶ ሲነሣ የከሳ ድኩላ ከአጥሩ ሥር ቆሞ ቢያገኝ ሁለት አሳብ ይመጣበታል። አንደኛው፦ «ደክሟልና መሮጥ አይችልም፤ ልግደለው» ይላል። ሁለተኛው፦ «ቸግሮት ወደ ደጄ መጥቷል፤ ልርዳው» ይላል።

ሁለተኛው አሳብ ይበልጣል። የአገሩም ሕግ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደንን ይከለክላል። ነገር ግን መልካም አሳብ ብቻውን አይበቃም፤ ሳያውቅ የሚረዳ ሰው ሊገድል ይችላልና።

ድኩላና ሚዳቋ እንደ ላም የሚያመሰኩ ናቸው። በሆዳቸው ውስጥ በዓይን የማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ሕያዋን አሉ፤ እነርሱም ቅጠሉ እንዲፈጭ ያደርጋሉ። ቅጠል የለመደ የተራበ እንስሳ በድንገት ብዙ በቆሎ ወይም ስንዴ ቢበላ፣ እህሉ በሆዱ ይኮመጥጣል፤ እንስሳውም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ እህል ከመስጠት ይልቅ ቁጥቋጦውን አለመመንጠር፣ ሾላውንም አለመቁረጥ ይሻላል። ቀንበጡና የወደቀው ፍሬ ምግብ ይሆኑለታል።

ሚዳቋ ከቅጠልና ከፍሬ ብዙ ውሃ ስለሚያገኝ ሳይጠጣ ሊቆይ ይችላል። ቅጠሉ ሁሉ ሲደርቅ ግን ይጨነቃል። ውሃ የሚያኖርለት ሰው ገንዳውን ጥልቅ አያድርገው፤ ግልገል ቢወድቅ እንዲወጣም በዳሩ ድንጋይ ይደርድር። ድኩላ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በምሽትና በሌሊት ስለሆነ ውሻው ይታሰር።

ገንዳው ከከብቶች ገንዳ የተለየ ይሁን፤ በሽታ ከከብት ወደ አውሬ፣ ከአውሬም ወደ ከብት ይተላለፋልና። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን «ደስታ» የተባለው በሽታ የኢትዮጵያን ከብት ፈጀ፤ ጎሽና ሌሎችም የዱር እንስሳት በዚሁ በሽታ አለቁ። ደስታ ከዓለም መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታወጀ፤ ሌሎች ተላላፊ በሽታዎች ግን ዛሬም አሉ።

ብቻውን የተኛ ግልገል ቢገኝ አይነሣ። እናቱ በቁጥቋጦ ሸሽጋው ለመብላት ትሄዳለች፤ ተመልሳም ታጠባዋለች። አዝኖ ወደ ቤቱ የሚወስደው ሰው ከእናቱ ይለየዋል።

«የራሳችን ልጆች ሲጠሙ ለአውሬ እንዴት ውሃ እናፈሳለን?» የሚል ሰው ቢኖር፣ ጥያቄው እውነተኛ ነው። እናቶችና ልጃገረዶች ከሩቅ ተሸክመው ያመጡት ውሃ አስቀድሞ ለቤተ ሰብ ነው። ነገር ግን ሰውና ከብት በቀን ከጠጡ በኋላ ምንጩን ለሌሊት ክፍት መተው፣ በዙሪያውም ወጥመድ አለማኖር ምንም ዋጋ አያስከፍልም። ድሀም ይህን ያህል ሊያደርግ ይችላል።

የስዌን ቆርኬ የተባለው እንስሳ ቀድሞ በሶማሌ ምድር በብዙ መንጋ ይታይ ነበር፤ ዛሬ ግን ከኢትዮጵያ በቀር አይገኝም። ከሻሸመኔ በስተ ምዕራብ ባለው በሰንቀሌ በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጠለያ ተከለለለት። ብዙ የነበረው መንጋ ጥቂት ከሆነ በኋላ እርሱን መጠበቅ ታላቅ ድካም ይጠይቃል። ድኩላና ሚዳቋ ግን ገና በሰው ጎረቤት አሉ።

ዝናብ ሲመለስ ሣሩ ይለመልማል፤ የተገደለው ድኩላ ግን አይመለስም። ብርቱ ሰው የሚታወቀው የደከመውን በመግደሉ አይደለም፤ ሊገድለው ሲችል በመተዉ ነው።