የማስታወቂያዋ ልጅ መልኳ ለምን ይቀያየራል?

በኤአይ የቡና ማስታወቂያ ሠራችሁ እንበል። ሹሩባ የተሠራችው ልጅ ጀበናውን ስታነሳ ሌላ ሰው ሆና ቁጭ! የቀሚሷ ጥለትም ተቀይሯል። ይህን ያየ ደንበኛ ቡናውንም ይጠረጥራል።

ኤአይ ቪዲዮውን በጥቂት ሰከንድ ቁራጭ ስለሚሠራ፣ "ቆንጆ ልጅ" ብቻ ካላችሁት በየቁራጩ አዲስ ልጅ ይፈጥራል።

መፍትሔው ለጋይንቷ ቤተ ልሔም አዲስ አይደለም። የቤተ ልሔምን ድጓ የትም የተማረ ሰው የሚያስመሰክረው እዚያ ሄዶ ነው፤ ዜማው በየአገሩ እንዳይለያይ መመሳከሪያው አንድ ነው።

እናንተም መጀመሪያ የልጅቷን ምስል ከፊት፣ ከጎንና በሙሉ ቁመት አዘጋጁ። እንደ ጉግል ቪዮ ያሉ መሣሪያዎች መመሳከሪያ ምስል ይቀበላሉ። ለየቁራጩ እነዚያኑ ስጡ፤ የመልኳን መግለጫም አንድ ቃል ሳትቀይሩ ኮፒ አድርጉ። ውጤቱን ሁሌም ከመጀመሪያው ምስል ጋር እንጂ ካለፈው ቁራጭ ጋር አታመሳክሩ፤ ትንሽ ትንሹ ለውጥ ተደምሮ ሌላ ሰው ያደርጋታል።