«ያስወጣዎት ኮምፒውተሩ ነው»

ወላይታ ሶዶ ውስጥ አንዲት እናት ከአንድ ቢሮ መስኮት ይህን ተብለው ሲመለሱ ከኋላቸው ተሰልፌ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። የተመዝጋቢዎች ስም ከቀበሌ መጣ፣ ሌላ ዝርዝር ከቢሮው ፋይል ተለቀመ፤ አንድ ወጣት በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የቢሮውን የስም ስብስብ ከቀበሌው ስብስብ ቀነሰ። የተረፉት «ፋይል የሌላቸው» ተባሉ። የእናትየው ፋይል ግን መደርደሪያ ላይ ነበር። የአባታቸው ስም በአንዱ «ኃይሌ»፣ በሌላው «ሀይሌ» ተብሎ መጻፉ ብቻ ነው ጥፋቱ።

«ማሽን አይሳሳትም፤ ተቀንሶ የተረፈ ስም በሌላው ዝርዝር የለም» የሚለው እምነት ግማሹ እውነት ነው፤ ማሽኑ የታዘዘውን ሠርቷል። ግን እሱ የሚያውቀው ቁጥር ነው። በዩኒኮድ ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኃ 4739 ነው፤ ለጆሯችን አንድ የሆነው ለእሱ ሦስት። ስም መጨረሻ ላይ የተረሳች ባዶ ቦታ እንኳ ሰውን ሌላ ሰው ታደርጋለች። «ገ/ማርያም» እና «ገብረ ማርያም»ንማ ተዉት።

ወላይታ ላይ ጣጣው ይብሳል። ወላይትኛ በላቲን ፊደል ይጻፋል፣ ቢሮው በአማርኛ ይሠራል። የመጨረሻው ንጉሥ (ካዎ) የጦና ስም በወላይትኛ አጻጻፍ በኤክስ ይጀምራል፣ በእንግሊዝኛ መጻሕፍት በቲ። ንጉሡ ራሳቸው ቢመዘገቡ ፋይል የላቸውም ይባሉ ነበር!

ወጣቱን አልወቅስም፣ ኮዱ ትክክል ነው። የሚያናድደኝ መደርደሪያውን ዞር ብሎ ሳያይ «ኮምፒውተሩ ነው» የሚለው ሰው ነው። ከመቀነስ በፊት ሃን፣ ሐን፣ ሓን፣ ኀንና ኃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መመለስ፣ ትርፍ ባዶ ቦታም መቁረጥ ያስፈልጋል። ይህም መዘዝ አያጣም፤ ለተራ ጽሑፍ ቢሆን የፀሐይን መሥረቅና የሌባን መስረቅ አንድ ያደርጋል። ለስም ግን ይሻላል ባይ ነኝ፣ ሁልጊዜ ልክ ነው ብዬ ባልምልም። የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር ካለማ ስሙን ማነጻጸር ለምን?

«ከየትኛውም ቢቀነስ ያው ነው» ይባላል። አይደለም። ከቀበሌው የቢሮውን መቀነስና ከቢሮው የቀበሌውን መቀነስ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሁለቱንም በአንዴ የፈለገ በፓይተን «^» አለለት። «ሁለቱም 500 ስም አላቸው፣ ስለዚህ እኩል ናቸው» የሚልም ገጥሞኛል። 500 ሌሎች ሰዎች ቢሆኑስ? ስብስብ ድግግሞሽ ይውጣል፤ እስከ አያት ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት ሰዎች አንድ ሆነው ይቀራሉ። በጃቫ ደግሞ «ሪሙቭ ኦል» የሚቀንሰው ከዋናው ስብስብ ከራሱ ስለሆነ ቅጂ ሳይያዝ አይነካም።

እናትየው በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። ወጣቱ ራሱ ተነሥቶ ፋይሉን በእጁ ፈለገ፤ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም።