«ኪናሪዮን»፦ ከማዕድ ሥር ያለው ውሻ

በአሬሮ ቆላ፣ በቦረና አርብቶ አደሮች መንደር፣ ውሻ ሠርቶ አዳሪ ነው። ሲመሽ ከብቱ «ሞና» ወደሚሉት በእሾህ የታጠረ በረት ይገባል፤ ጅብ ሲቃረብ ቀድሞ የሚጮኸው እሱ ነው። ቡችላው ግን ገና ለዘብ አልደረሰም። ከልጆች እግር ሥር እየተልከሰከሰ ከእጃቸው የሚወድቀውን ይለቃቅማል።

ግሪክኛ ሁለቱን ለይቶ መጥራት ይችላል። ውሻ በጅምላው «ኪዎን» ሲባል፣ ትንሹ ወይም የቤቱ ውሻ «ኪናሪዮን» ይባላል። ቃሉ ከአዲስ ኪዳን ይቀድማል፤ ፕላቶን «ኤውቲዴሞስ» በተባለው ድርሰቱ የአንድን ውሻ ቡችሎች በዚሁ ስም ጠርቷቸዋል።

በአዲስ ኪዳን «ኪናሪዮን» የሚገኘው 4 ጊዜ ብቻ ነው፤ አራቱም በአንድ ታሪክ ውስጥ ናቸው፦ በማቴዎስ 15፥26-27 እና በማርቆስ 7፥27-28። ቦታው የጢሮስ አካባቢ፣ የዛሬው ሊባኖስ ነው። ማርቆስ ሲሮፊኒቃዊት፣ ማቴዎስ ከነናዊት የሚሏት እናት ርኩስ መንፈስ ስላደረባት ልጇ ትማጸናለች። ኢየሱስ የልጆች እንጀራ ለውሾች እንደማይጣል ይነግራታል። እሷም አልተከራከረችም፤ ያንኑ ቃል ተቀብላ፣ ከማዕድ ሥር ላሉትም ፍርፋሪ እንደሚደርሳቸው መለሰች። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ቡችሎች» ይላል።

ከዚህ ተነሥተው «ቃሉ የቁልምጫ ነው፤ ንግግሩም ስድብ የለበትም» የሚሉ ሰባክያን ብዙ ናቸው። ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ አያልቅም።

«አሪዮን» የሚለው ቅጥያ በመሠረቱ የማሳነሻ ነው፤ በዘመኑ ተራ ግሪክኛ ግን ብዙ ጊዜ ጉልበቱን ያጣል። በዮሐንስ 21 ደቀ መዛሙርቱ ዓሣ ሊያጠምዱ የወጡባት ታንኳ ቁጥር 3 ላይ «ፕሎዮን» ናት፤ ቁጥር 8 ላይ ያቺው ታንኳ «ፕሎያሪዮን» ሆነች። በጌቴሴማኒ የተቆረጠውን የሊቀ ካህናቱን ባሪያ ጆሮ ማርቆስ «ኦታሪዮን» ይለዋል፤ ቃል በቃል «ትንሽ ጆሮ» ማለት ነው፤ ባሪያው ግን ሕፃን አልነበረም። እንግዲህ ቅጥያው ብቻውን የፍቅር ምስክር ሊሆን አይችልም።

የተሻለው ማስረጃ ውሻው የተኛበት ቦታ ነው። «ኪዎን» በአዲስ ኪዳን 5 ጊዜ ሲጠቀስ አንዴም ከቤት ውስጥ አይገኝም። በማቴዎስ 7፥6 የተቀደሰ ነገር የማይሰጠው፣ በፊልጵስዩስ 3፥2 ተጠንቀቁት የሚባለው፣ በ2ኛ ጴጥሮስ 2፥22 ወደ ትፋቱ የሚመለስ፣ በራእይ 22፥15 ከከተማው ውጭ የሚቀር ነው። በሉቃስ 16፥21 ደግሞ በአንድ ሀብታም ደጅ የወደቀውን የድኻውን የአልዓዛርን ቁስል ይልሳል። አልዓዛርም ከማዕድ የሚወድቀውን ይመኝ ነበር፤ ግን እሱም ውሾቹም ያሉት ከደጅ ነው።

የሴትዮዋ ውሾች ከቤት ገብተዋል፤ በማቴዎስ አነጋገር ጌቶችም አሏቸው። ባወር የተባለው የታወቀ የአዲስ ኪዳን ግሪክኛ መዝገበ ቃላትም «ኪናሪዮን»ን ከመንገድና ከእርሻ ውሻ የተለየ የቤት ውሻ አድርጎ ይፈታዋል።

ስለዚህ «ቡችሎች» የሚለው ትርጉም ያስኬዳል። ንግግሩ ግን ምሬቱን ሙሉ በሙሉ አያጣም፤ ልጅ ልጅ ነው፣ ውሻም ውሻ። በሩን ገርበብ የሚያደርገው ማርቆስ ብቻ የጻፈው «አስቀድሞ ልጆቹ ይጥገቡ» የሚለው ሐሳብ ነው፤ ከአስቀድሞ በኋላ ተከታይ አለና። በማርቆስ 7፥29 መሠረት ልጅቱ የዳነችው ስለ እናቷ መልስ ነው።