ከዳር የሚጀምር ጨለማ

ሐኪም በብሌን በኩል ወደ ዓይን ውስጥ ሲመለከት፣ የጨለመ ቤትን በበር ስንጥቅ አጮልቆ እንደሚያይ ሰው ነው። ፊት ለፊት ያለው ምሰሶ ይታየዋል፤ ጓዳው ግን አይታየውም። ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1851 ሕያው ሬቲናን የሚያሳይ መሣሪያ ካስተዋወቀ ወዲህ ሐኪሞች ሲታገሉ የኖሩት ከዚህ ጥበት ጋር ነው።

ሬቲና የዓይንን ውስጠኛ ግድግዳ ያለበሰ፣ ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን ነው። የምናነበውም ሆነ የሰው ፊት የምንለየው በመሃሉ ባለች፣ ማኩላ በምትባል ትንሽ ቦታ ነው። ጣጣው እዚህ ላይ ነው፤ መሃሉ እስካልተነካ ድረስ ሰው ዓይኑ ጤነኛ ይመስለዋል። ሬቲና የሚቀደደው ግን ብዙውን ጊዜ ከዳር ነው። በቀዳዳው ፈሳሽ ሾልኮ ይገባና ሬቲናውን ከግድግዳው እየላጠ ወደ መሃል ይገሰግሳል። ማኩላው አንዴ ከተላቀቀ ቀዶ ሕክምናው ሬቲናውን ወደ ቦታው ቢመልሰውም፣ የቀድሞውን እይታ ላይመልስ ይችላል። ቀዳዳው ገና ትንሽ ሳለ ከተገኘ ግን ብዙ ጊዜ ዙሪያውን በሌዘር ተኩሶ መግታት ይቻላል።

ስኮትላንዳዊው ዳግላስ አንደርሰን ይህን በገዛ ልጁ አየው። የአምስት ዓመቱ ሕፃን ዓይኑን በየጊዜው ቢታይም፣ የሬቲናው መላቀቅ የታወቀው ዘግይቶ ስለነበር የአንድ ዓይኑን ብርሃን አጣ። ምርመራው ለሕፃን የማይመች በመሆኑ ሐኪሙ ሬቲናውን እስከ ዳር ማየት አልቻለም ነበር። አባትየው ለልጅ የማይከብድ፣ ዳሩንም የሚያሳይ መሣሪያ ለመሥራት ቆርጦ ተነሣና እ.ኤ.አ. በ1992 በደንፈርምሊን ከተማ ኦፕቶስ የተባለውን ኩባንያ መሠረተ።

የመሣሪያው ብልሃት ያለው ሞላላ መስተዋቱ ላይ ነው። ሞላላ ቅርጽ ሁለት የትኩረት ነጥቦች አሉት፤ ከአንዱ የተነሣ ጨረር መስተዋቱን የትም ይምታው የት፣ ሲመለስ በሌላኛው ያልፋል። ስለዚህ ሬቲናውን የሚቃኘው ሌዘር በአንደኛው ነጥብ ላይ ይወዛወዛል፤ የታካሚው ብሌን ደግሞ በሌላኛው ላይ ይሆናል። ጨረሮቹ በጠባቧ በር ገብተው ውስጥ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋሉ። መሣሪያው ከሬቲናው 82 በመቶ ያህሉን ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ በአንድ ምስል ይይዛል፤ ብሌንን በጠብታ ማስፋትም ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም። ስፋቱ 200 ዲግሪ ነው ሲባል ግን የሚለካው ከዓይኑ መካከል ነው። የተለመደው ካሜራ ከ30 እስከ 50 ዲግሪ የሚለካው ከብሌን በመሆኑ፣ ሁለቱን ቁጥሮች እንዳሉ ማወዳደር ያሳስታል።

ስፋት ብቻውን ግን በቂ አይደለም፤ የስኳር ሕመም በሬቲና ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የመረመሩ ጥናቶች ይህን አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከቦስተኑ ጆስሊን የስኳር ሕመም ማዕከል የወጣ ጥናት፣ ጉዳታቸው በዳር የበዛ ዓይኖች በአራት ዓመት ውስጥ የመባባስ ዕድላቸው 3.2 እጥፍ መሆኑን አመለከተ። በ2022 የወጣ ሰፊ ጥናት ግን በቀለም ፎቶ ላይ ይህን ዝምድና አላገኘም። ዝምድናው ጎልቶ የወጣው ፍሎረሲን የተባለ ቀለም በደም ሥር ተሰጥቶ በተነሡ ምስሎች ላይ ነበር። የቀለም ፎቶ የፈሰሰውን ደም ያሳያል፤ ፍሎረሲን ደግሞ የተደፈኑትንና የሚያፈስሱትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይገልጣል። ዳሩን ማየት አንድ ነገር ነው፤ በዳሩ ላይ ምን እንደሚፈለግ ማወቅ ሌላ።

ምስሉን የሚያነብ ባለሙያም መጠንቀቅ አለበት። ቀለሙ ብዙ ጊዜ ከቀይና ከአረንጓዴ ሌዘር የተገኘ እንጂ የዓይኑ የተፈጥሮ ቀለም አይደለም፤ ዳሩ ተለጥጦ ይታያል፤ የሽፋሽፍት ጥላም የታችኛውን ክፍል ይጋርዳል። ከምስሉ ውጭ የሚቀረው 18 በመቶ በአብዛኛው የላይና የታች ጠርዝ ነው፤ ቀዳዳ ሊደበቅ የሚችልበት ቦታ ማለት ነው። ስለዚህ በዓይንዎ ድንገት ብልጭታ ወይም የጥቁር ነጠብጣብ ውርጅብኝ ቢያዩ፣ ወይም ከጎን መጋረጃ የወረደ ቢመስልዎት፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ምስሉ ንጹሕ ነው ቢባልም እንኳ፣ ብሌኑ በጠብታ ሰፍቶ፣ የዓይኑ ጠርዝ በቀስታ እየተገፋ ይታይልኝ ይበሉ።