የልጅ ደም ከወላጆቹ ደም ተለይቶ ሲገኝ

የአባት ደም «ኤ» ነው፤ የእናት ደም «ቢ» ነው። ልጃቸው ታምሞ በሐኪም ቤት ቢመረመር ደሙ «ኦ» ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ባለ ጊዜ በትዳር መካከል ክፉ ጥርጣሬ ይገባል፤ አባት «የአብራኬ ክፋይ አይደለም» ይላል፤ እናትም ባልሠራችው በደል ስታለቅስ ትኖራለች። ይሁን እንጂ በዚህ ውጤት ውስጥ እናቲቱን የሚያስወቅስ አንዳች ነገር የለም።

የሰው ደም በዓይነት የተለያየ መሆኑን የገለጡት በቪየና ከተማ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ካርል ላንድሽታይነር ናቸው። የአንዱን ሰው ደም ከሌላው ጋር እያቀላቀሉ ሲመረምሩ አንዳንዱ ሲስማማ፣ አንዳንዱ ግን እየተያያዘ ሲቋጠር አይተው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1901 ሦስት ዓይነቶችን ለይተው ጻፉ። አራተኛው «ኤቢ» በማግሥቱ ዓመት ተገኘ። የውርሱን ሥርዓት ግን በ1924 አጥርተው ያስረዱት ሐኪም ሳይሆኑ ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ፊሊክስ በርንሽታይን መሆናቸው ያስደንቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ሁሉ ስለ ደሙ ዓይነት ሁለት የውርስ ምልክቶች አሉት፤ አንዱን ከአባቱ፣ ሌላውን ከእናቱ ይቀበላል። ዛሬ ዘረ መል የሚባለው ይኸው ነው። «ኤ» እና «ቢ» በተገኙበት ሁሉ ይገለጣሉ፤ ሁለቱ ሲገናኙም አንዱ ሌላውን ሳይሸፍነው ደሙ «ኤቢ» ይሆናል። «ኦ» ግን ከሁለቱ ከአንዳቸው ጋር ሲሆን ተሰውሮ ይቀመጣል። እንግዲህ «ኤ» የተባለው አባት በስውር «ኦ»ን ይዞ፣ «ቢ» የተባለችው እናትም እንዲሁ ይዛ ይሆናል። ከሁለቱም ስውሩ ምልክት ለልጁ ከደረሰው ደሙ «ኦ» ነው። ሁለቱም ስውሩን ከያዙ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው፤ ለሚወለደው ልጅ ሁሉ ዕጣው እንደ አዲስ ይወጣል። እናቶቻችን ሕፃን አይተው «ቅድመ አያቱን መሰለ» የሚሉት ከዚህ የራቀ አይደለም።

ሁለቱም ወላጆች «ኦ» ከሆኑ ልጃቸው «ኦ» መሆኑ የታወቀ ነው፤ ከ«ኤቢ» ወላጅም «ኦ» ልጅ አይጠበቅም። ነገር ግን ይህም ቢሆን ብቻውን ፍርድ የሚሰጥበት አይደለም። በ1952 በህንድ አገር በቦምቤይ ከተማ፣ በተለመደው ምርመራ «ኦ» የሚመስል፣ ነገር ግን «ኤ»ን ወይም «ቢ»ን ሰውሮ ሊይዝ የሚችል እጅግ ብርቅ የሆነ ደም መኖሩ ታውቋል። የብልቃጥ መለዋወጥና የጽሕፈት ስሕተትም አለ። በአንጻሩ የደም ዓይነት መግጠሙ አባትነትን አያረጋግጥም፤ «ኤ» ደም ያለው ጎረቤትም፣ መንገደኛም አይታጣምና። ውጤቱ ያልተጠበቀ ሲሆን አስቀድሞ የሦስቱንም ደም እንደገና ማስመርመር ይገባል፤ ለእርግጠኛው ማስረጃ ዛሬ የዲ ኤን ኤ ምርመራ አለ።