የዶሮ ላባና የመንጠቆ ዋጋ

በባሌ ተራሮች ዌብና ዳንካ በሚባሉት ወንዞች፣ ከውጭ አገር ገብቶ የተራባው ትራውት የተባለ ዓሣ ይገኛል። ይህ ዓሣ በውኃ ውስጥና በውኃ ላይ የሚገኙትን ትናንሽ ነፍሳት ስለሚመገብ፣ አጥማጁ በመንጠቆ ላይ ላባ ጠምጥሞ ሰው ሠራሽ ዝንብ ያዘጋጅለታል። የተዘጋጀውን መግዛት ለኪስ ይከብዳልና እኛ ለበዓል የታረደውን አውራ ዶሮ የአንገት ላባ ሳይጣል ለምነን እንወስዳለን። የቤት እመቤቶች በመጀመሪያ ይስቁብን ነበር።

በእንግሊዝ አገር የኤቨን ወንዝ ጠባቂ የነበረው ፍራንክ ሶየርማ፣ ስመ ጥር የሆነችውን ዝንቡን ሲሠራ ክር እንኳ አልፈለገም። ፌዛንት ከሚባለው ወፍ ጅራት ጥቂት የላባ ዘለላ ወስዶ በቀጭን የመዳብ ሽቦ አሰረው፤ ሽቦው ማሰሪያም ክብደትም ሆነለት።

በመንጠቆው መቆጠብ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ርካሽ ብለን የገዛነውን መንጠቆ ብዙ ማታ ደክመን ላባ ከጠመጠምንበት በኋላ፣ የመጀመሪያው ደኅና ዓሣ እንደ ሰም አቃንቶት ሄደ። ጥፋቱ የእኛው ነበር፤ አስቀድመን አልፈተንነውምና። አሁን ጥቂት ብቻ ገዝተን ጫፉን በአውራ ጣታችን ጥፍር ላይ በቀስታ እናስነካዋለን፤ የሚያንሸራትት ከሆነ ደንዟል። ቀጥሎም በጉጠት ይዘን ጥቂት እንለጥጠዋለን። ተለጥጦ የሚቀረው ልል ነው፤ ቀጭ ብሎ የሚሰበረውም አይረባም፤ ወደ ቦታው የሚመለሰውን እንመርጣለን። የማጥመጃው ክር የሚገባበት ቀለበት ክፍተት ካለውም ክሩን ይበላዋል። ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው እንደሚያንስ ልብ ይሏል፤ ለጀማሪ እጅ 12 ቁጥር ይመቻል።

ሕፃናት ባሉበት ቤት መንጠቆው ክዳን ባለው ቆርቆሮ ይቀመጥ።